ፍየሏ ከመገዛቷ በፊት

ከምንጃር ወገን አንዲት አያት በሰው እጅ ደብዳቤ ልከውልኛል። ልጃቸው ለሥራ ዐረብ አገር ስትሄድ ወንድ ልጇን ለእሳቸው ትታላቸው ሄዳለች። ሕፃኑ ስምንት ወሩ ነው፤ ጡት ካጣ ከአንድ ወር በላይ ሆኖታል። እናቱ ገንዘብ ልካ «የፍየል ወተት ለልጅ መድኃኒት ነው ይባላል፤ ሁለት ፍየል ይግዙና ያጠጡልኝ» ብላለች። ጎረቤት ግን ለሁለት ተከፍሏል። ገሚሱ «ወተቱ በጥሬው ነው የሚጠቅመው፤ ሲፈላ ኃይሉ ይሄዳል» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «የፍየል ወተት ለሕፃን ይከብዳል፤ ይቅርብዎት» ይላል። አያትየው የጠየቁኝ አጭር ነገር ነው፦ ልግዛ ወይስ ልተው?

ይግዙ። ፍየል ለአቅመ ደካማ ቤት ከላም የምትሻል ከብት ናት። ዋጋዋ ይቀላል፣ የምትበላው ትንሽ ነው፣ ቶሎ ትወልዳለች፣ ሴትም ሆነች አዛውንት ሊይዟት ይችላሉ። ነገር ግን የልጁ ሆድ ፍየሏ እስክትገዛ፣ እስክትላመድና እስክትታለብ አይጠብቅም። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚባለው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነውና በቅደም ተከተል እንሂድ። የዛሬው ጽሑፍ ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን የልጅ ልጅ ለሚያሳድጉ ሁሉ ይሁን።

ልጁ ዛሬ ምን ይብላ?

ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ቢሆን ኖሮ የምመልሰው ሌላ ነበር። ከስድስት ወር በታች የላምም የፍየልም ወተት አይሰጥም። ሆዱም ኩላሊቱም ገና አልጠነከረም፤ እናቱ ከሌለች ጤና ጣቢያ ወስዶ ምን እንደሚሰጠው መመካከር ግዴታ ነው። ስድስት ወር ያለፈውና ጡት ያጣ ልጅ ግን ከሌላ ምግብ ጋር የፈላ የከብት ወተት ሊጠጣ ይችላል። ዕንቁላል ወይም ሥጋ የሚያገኝ ከሆነ በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሊትር፣ የማያገኝ ከሆነ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ለመለካት የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ በቂ ነው፤ ሙሉው 500 ነው፣ ግማሹ 250።

ከዚያ በላይ ወተት መስጠት ልጁን አይጠቅመውም። በወተት የጠገበ ልጅ ገንፎውን ይገፋል። ወተት ደግሞ ብረት የሚባለው ደም የሚሠራው ንጥረ ነገር እጅግ ያንሰዋል። ወፍራም የሚመስሉ፣ ግን የዓይናቸው ሽፋን ውስጡ የነጣ፣ የሚተኙና የሚነጫነጩ ልጆች ብዙ ጊዜ ወተት ብቻ የሚጠጡ ናቸው።

ስለዚህ ፍየሏ እስክትመጣ ዛሬውኑ የሚጀመረው ይህ ነው። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ተቆልቶ ይፈጭ። ምንጃር ጤፍና ሽምብራ የሞላበት አገር ነው፤ የጤፍና የሽምብራ ዱቄት ገንፎ ከሱቅ ከሚገዛ የልጅ ምግብ አያንስም። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ፣ ወፈር ያለ ይሁን። ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ ይደረግበት። በቀን አንድ ዕንቁላል በደንብ ተቀቅሎ ይፈርፈርበት። ጎመን፣ ካሮት ወይም ዱባ ተቀቅሎ ይደፍጠጥበት። ጡት የሌለው ልጅ በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ መብላት አለበት። ማር ዓመት ሳይሞላው አይቀመስ። ወተቱም ከጎረቤት በስኒም ቢሆን ተገዝቶ፣ ፈልቶ ይጠጣ፤ በጡጦ ሳይሆን በኩባያ። የጡጦን ጫፍ አጥቦና ቀቅሎ መጨረስ በገጠር ቤት ከባድ ነው፤ ኩባያ ግን በሳሙና ይጠራል።

በዚሁ ሳምንት ልጁን ጤና ኬላ ይውሰዱት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትመዝነዋለች፣ ክንዱንም በሜትር ትለካዋለች። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የምግብ እጥረት ጀምሮታል፤ ከ11.5 ካነሰ ደግሞ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል። ከስድስት ወር ጀምሮ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ ወስዶ እንደሆነ ይጠይቁ። ዘጠኝ ወር ሲሞላው የኩፍኝ ክትባት አለው፤ እናቱ ካርዱን የት እንዳስቀመጠች አሁን ይፈልጉት።

የፍየል ወተት መድኃኒት ነውን?

«ፍየል የማትበላው ቅጠል የለም፤ ስለዚህ ወተቷ መድኃኒት ነው» የሚለው ወሬ በየአገሩ አለ። ፍየል ቅጠል ቀጣፊ መሆኗ እውነት ነው፤ ወተቷም ጥሩ ምግብ ነው። ሥጋ ገንቢው፣ ቅባቱና ለአጥንት የሚሆነው ካልሲየሙ ከላም ወተት አያንስም። የቅባቱ ጠብታዎችም ደቃቅ ናቸው። በሽታ ማዳን ግን አይችልም። ሳል፣ ቢጫ ወባ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ በፍየል ወተት ለማዳን ሲሞከር የሚባክነው ጊዜ ነው ልጁን የሚጎዳው።

አንድ ትልቅ ጉድለት ደግሞ አለበት። ነፍሰ ጡሮች ከብረት ጋር በኪኒን የሚሰጣቸው ፎሊክ አሲድ በፍየል ወተት ውስጥ በጣም ትንሽ ነው። በፍየል ወተት ብቻ ያደገ ሕፃን ከባድ የደም ማነስ ይይዘዋል፤ ይህ በሕክምና መጻሕፍት ከታወቀ ቆይቷል። መፍትሔው ከላይ ያልኩት ገንፎ ነው፦ ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን ፎሊክ አሲድ የሞላባቸው ናቸው። ስለዚህ «ይከብደዋል» ያሉት ጎረቤት ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ብቻውን ከተሰጠ ይጎዳዋል፣ ከምግብ ጋር ከተሰጠ ይጠቅመዋል።

ሌላም አለ። የላም ወተት ሲጠጣ ሰውነቱ የሚያብጥ፣ የሚሽርና የሚያስመልሰው ልጅ «የፍየል ይሞከርለት» ይባላል። የሁለቱ ወተት ሥጋ ገንቢ ተቀራራቢ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በዚያም ይታመማል። እንዲህ ያለ ልጅ ሐኪም ሳያየው አይሞከርበት።

ሳይፈላ አይሆንም

አሁን ወደ ዋናው ክርክር መጣን። «ሲፈላ ኃይሉ ይሄዳል» ለሚሉት ጎረቤት በአክብሮት የምመልሰው ይህ ነው። ሲፈላ ከቫይታሚኖቹ ጥቂቶቹ ይቀንሳሉ። ሥጋ ገንቢው፣ ቅባቱና ካልሲየሙ ግን ባሉበት ይቆያሉ። የሚሞተው ተባዩ ነው።

ከፍየል ወደ ሰው ከሚተላለፉት አደገኛው ብሩሴሎሲስ ይባላል። አርቢዎች የውርጃ በሽታ የሚሉት ነው። ፍየሏ ምንም ያመማት ሳትመስል በወተቷ ተባዩን ታወጣለች። ሰው ሲይዘው ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ሌሊት ላብ ያጠምቃል፣ ወገብና መጋጠሚያ ይቆረጥማል፣ ሰውነት ይዝላል። በቆላና ወይና ደጋ ይህን ስሜት የያዘ ሰው መጀመሪያ ወባ ይባላል፣ ቀጥሎ ታይፎይድ ይባላል፣ ኪኒኑን ይጨርሳል፣ ትኩሳቱ ግን ይመለሳል። ትክክለኛው ሕክምና ሁለት ዓይነት መድኃኒት ተደርቦ ለስድስት ሳምንት ያህል የሚወሰድ ነው። ትኩሳት የሚመላለስበት ሰው ከብት ያለው ከሆነ ወይም ጥሬ ወተት የሚጠጣ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ይንገር።

ነገሩ ዛሬ የተገኘ አይደለም። በሜዲትራንያን ባሕር ባለችው በማልታ ደሴት የእንግሊዝ ወታደሮች ለዓመታት በዚህ ትኩሳት ሲማቅቁ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1905 ቴሚስቶክሊስ ዛሚት የተባለ ማልታዊ ሐኪም ጤነኛ የሚመስሉት የደሴቲቱ ፍየሎች በሽታውን እንደያዙ አገኘ። በማግስቱ ዓመት ወታደሮቹ የፍየል ወተት እንዳይጠጡ ሲደረግ በሽታው ወዲያው ቀነሰ። በሽታው እስከ ዛሬ የማልታ ትኩሳት ሲባል ይኖራል።

እንግዲህ አሠራሩ ቀላል ነው። ወተቱ እንደታለበ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፤ ጥዱት፣ እያማሰሉ ሲገነፍል ሁለት ሦስት ደቂቃ ያቆዩት፣ አውርደው ይክደኑት። በዚያው በፈላበት ዕቃ ይቀዝቅዝ። ጥሬ ወተት ወደነበረበት ቅል ወይም ጆግ መልሶ መገልበጥ ድካሙን ሁሉ ገደል መክተት ነው። ቅሉን በወይራ ማጠን ጥሩ ልማድ ነው፣ ሽታውንም ያሳምራል፣ ወተቱንም ያቆያል፤ ወተት ውስጥ ያለውን የውርጃ ተባይ ግን አይገድልም። እርጎም እንዲሁ ነው። የእርጎው ኮምጣጣነት ተባዩን ያዳክመዋል እንጂ ለመግደሉ ዋስትና የለም። ለልጅ የሚሆን እርጎ ከተፈለገ ወተቱ አስቀድሞ ይፈላ፣ ለብ ሲል ከቀድሞው እርጎ በማንኪያ ይጨመርበት፤ ይረጋል።

የምትገዛዋ ፍየል

ገበያ ላይ የቆመች የምትታለብ ፍየል ስታዩ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለምን ተሸጠች?» ነው። ጥሩ ወተት ያላትን ሰው ዝም ብሎ አይሸጥም። ችግር ያሸጣል፣ እውነት ነው፤ ግን የምታስወርድ ፍየልም የምትሄደው ወደ ገበያ ነው። ስለዚህ ከተቻለ ከምታውቁት ሰው በረት፣ ከነግልገሏ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሰላም የወለደችውን ግዙ። ጠዋት ሄዳችሁ በዓይናችሁ ስትታለብ እዩ። ጡቷን ዳብሱት፦ ሁለቱም ጎን ለስላሳ ይሁን፣ እብጠትና ድንጋይ የመሰለ ነገር አይኑርበት። የመጀመሪያውን ወተት ጥቁር ነገር ላይ ጭመቁት፤ የተቋጠረ፣ ውኃ የመሰለ ወይም ደም ያለበት ከሆነ ጡቷ ታሟል።

አፏን ክፈቱ። የታች የፊት ጥርሶቿ ሁሉም ደቃቅ ከሆኑ ገና ልጅ ናት። ሁለት ትልልቅ ካወጣች ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል፣ አራት ሲሆን ሁለት ዓመት፣ ስድስት ሲሆን ሦስት፣ ስምንቱም ሲሞሉ አራት ዓመት ገደማ ነው። ያረጀችና ጥርሷ የረገፈ አትግዙ። የዓይኗን የታች ሽፋን ገልብጣችሁ እዩ፤ ቀይ ከሆነ ደህና ናት፣ ከነጣ ደሟን ትል ጨርሶታል። የምታስል፣ አፍንጫዋ የሚፈስ፣ ከኋላዋ የቆሸሸች ትቅርባችሁ።

ዘሯን በተመለከተ፣ በአገራችን ወተት በመስጠት ስማቸው የሚነሳው የበጋይትና የአበርገሌ ፍየሎች ናቸው። ከአገራቸው ርቀው ሲመጡ ግን አየሩም መኖውም ይለያቸዋል። ጀማሪ ሰው በቀየው የለመደችውን ከመካከላቸው መርጦ ቢይዝ ይሻለዋል። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በሐረርጌና በደቡብ ለችግረኛ ሴቶች የአገር ፍየል በብድር እየሰጠ፣ ኋላም አንግሎ ኑቢያን ከሚባለው የውጭ ዘር ጋር እያዳቀለ ሠርቷል። ብድሩ የሚመለሰው በገንዘብ ሳይሆን በግልገል ነበር። ከዚያ ሥራ የምወደው ይህ ነው፦ መጀመሪያ መኖ ተክሎ ማዘጋጀት ቀደመ፣ ፍየሏ ኋላ መጣች።

ሒሳቡን እንሥራው

የአገራችን ፍየል ብዙዎቹ በቀን የሚሰጡት ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በታች ነው። ከዚያ ላይ ግልገሏም ድርሻ አላት። ግልገሏን አስርቦ ልጅ ማጥገብ አይቻልም፤ ግልገሏ ከሞተች ነገ የምትታለብ ፍየል የለችም። እንበል ከአንዷ ለቤት 200 ሚሊ ሊትር ተረፈ፤ ከሁለቱ 400 ነው። ይህ ለአንድ ልጅ የቀን ወተት ነው፤ ለሻይ፣ ለእንግዳና ለገበያ የሚተርፍ የለም። እናትየው «ሁለት ግዙ» ማለቷ ልክ ነው። ፍየል ብቻዋን መዋልም አትወድም፤ ስትጮህ ትውላለች፣ መኖም አትበላም።

ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከወለዱ ግን ሦስት አራት ወር ወተት ሞልቶ ቀጥሎ ሁለቱም ይነጥፋሉ። ፍየል የምትሸከመው 150 ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ልክ አምስት ወር። አንዷ በግንቦት ከተጠቃች በጥቅምት ትወልዳለች፣ ያኔ ቅጠሉ ለምለም ነው። ሁለተኛዋ በነሐሴ ከተጠቃች በጥር ትወልዳለች። እንዲህ ሲሆን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ቤቱ ወተት አያጣም። የቀሩትን ወራት ከጎረቤት መግዛት ነው። ሁለቱም እስኪወልዱ በተራ ስለሚታለቡ የቀኑ ወተት ትንሽ ነው፤ ዕንቁላሉ ያን ጊዜ አይቅር። ፍየል ወንድ የምትፈልገው በየሦስት ሳምንቱ ለአንድ ሁለት ቀን ነው፤ ጅራቷን ስታወዛውዝና ስትጮህ ካያችሁ ቀኑን ግድግዳ ላይ ጻፉት።

ስትወልድ የመጀመሪያው እንገር የግልገሏ ነው። በተወለደች በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንገር ያልጠባች ግልገል በሽታ የምትከላከልበት ነገር የላትም። እትብቷ በአዮዲን ይነከር። ከሳምንት በኋላ ግልገሏን ማታ ከእናቷ ለይታችሁ አሳድሩ፣ ጠዋት ለቤት እለቡ፣ ቀን አብረው ይዋሉ። በዚህ መንገድ ሁለቱም አይጎዱም።

መኖና ማደሪያ

ሕፃን ያዘለች አያት ፍየል ተከትላ በየገደሉ አትሮጥም። ብትለቃት ደግሞ የጎረቤት ማሳ ገብታ ጠብ ታመጣለች። ስለዚህ የሚበጀው አጥር ውስጥ አሥሮ ወይም ዘግቶ፣ መኖ አጭዶ ማብላት ነው። ለዚህ በአጥሩ ዙሪያ ሱስፓኒያና ሉኪኒያ ይተከሉ፤ የግብርና ባለሙያው ችግኙ የት እንደሚገኝ ያውቃል። ሁለቱም ቶሎ ያድጋሉ። ከእነርሱ ጋር የሽምብራና የምስር ገለባ፣ የዋንዛ ቅጠል ይቀላቀል። ቅጠሉን መሬት ላይ አትበትኑት፤ ፍየል የረገጠችውን አትበላም፣ ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። የምትታለብ ፍየል ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ተቀላቅሎ በቀን 300 ግራም ያህል ብታገኝ ወተቷ ላይ ይታያል። እህል በብዛት አይሰጣት፤ ሆዷ ይነፋና ይገድላታል። ጨውና ንጹሕ ውኃ ከፊቷ አይጥፋ፤ ውኃ ያልጠጣች ፍየል ወተት የላትም።

ጅብና ሌባ ሰውን ከከብቱ ጋር በአንድ ጣሪያ እንዲተኛ አድርገውታል። ነገር ግን ስምንት ወር የሞላው ልጅ ሊድህ ነው፤ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል። የዶሮ ኩስና የፍየል በጠጥ የሚያመጡት ተቅማጥ ልጁ የበላውን ምግብ ጥቅም ያሳጣዋል። ትንኝና ዝንብ ደግሞ ለዓይን ማዝ ጠንቅ ናቸው። ስለዚህ ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ፣ በሩ በውጭ የሆነ፣ ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በርብራብ እንጨት የተሠራ ጉረኖ ይሥሩላቸው። በጠጡ በርብራቡ ሥር ይወድቃል፣ ፍየሎቹ ደረቅ ላይ ያድራሉ፣ ማዳበሪያው ለጎመኑ ይሆናል። ዶሮዎቹም ቢያንስ ልጁ በሚድህበት ሰዓት ይዘጉ፤ ወይም ልጁ በጠራ ሰሌን ላይ ይዋል።

ውሻ ካለ የታረደ ከብት ጥሬ ጉበት፣ ሳንባና ጭንቅላት አይሰጠው። ውሻው በዚያ የሚይዛቸው ትሎች በሰው ጉበት ላይ ትልቅ ውኃ ያዘለ እብጠት፣ በፍየልና በግ ላይ ደግሞ አዙሪት የሚባለውን የአንጎል በሽታ ያመጣሉ።

ሲታመሙ

ደስታ የሚባለው የከብት እልቂት በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም ጠፍቷል። የእሱ ዘመድ የሆነው፣ ባለሙያዎች የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ የሚሉት ግን አለ። ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስልና ተቅማጥ ሲያዩ በአንድ ሳምንት ውስጥ በረቱን ባዶ ሊያደርግ የሚችለው እሱ ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ክትባትም አለው። ስለዚህ ፍየሎቹ እንደተገዙ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር፣ ሁለት ሦስት ሳምንትም ከሌሎች ከብቶች ተለይተው ይቆዩ። የትል መድኃኒትም በእሱ ምክር ይሰጥ፤ አንዳንዱ መድኃኒት በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ያስወርዳል። መድኃኒት የተወጋች ፍየል ወተቷ ስንት ቀን እንደማይጠጣ ጠይቁ። መርፌውን ወግቶ ሳይነግራችሁ ከሄደ ተከትላችሁ ጠይቁት።

ፍየል ካስወረደች የወረደውንና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አትንኩ። እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ፣ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት፣ ውሻ አያውጣው፤ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። ነፍሰ ጡር ሴትና ልጅ አይጠጉ። ለባለሙያው ንገሩ፤ ደሟ ተወስዶ የሚመረመርበት መንገድ ካለ ይመርመር። እስኪታወቅ ድረስ ከሌላዋ ትለይ።

ወተቱን ማን ያዛል?

ይህን ሁሉ አድርጎም ልጁ ወተቱን ላያገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ይሆናል። አንደኛው ምክንያት ጾም ነው። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ቤቱ ሁሉ ሲጾም ወተቱ ለቅቤ ይጠራቀማል፤ ብዙ እናቶችና አያቶችም ድስታቸው እንዳይነካካ ብለው ለልጁ ወተትም ዕንቁላልም መሥራት ይተዋሉ። ሕፃን አይጾምም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለልጁ የራሱ ትንሽ ድስት፣ የራሱ ኩባያና ማንኪያ ይገዛለት። ጾመኛውም ሕሊናው ያርፋል፣ ልጁም አይራብም።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ዘመድ ይቸገራል፣ ግብር ይመጣል፣ ፍየሏ ትሸጣለች። ስለዚህ ፍየሎቹ ሲገዙ በቤተሰብ ፊት «የልጁ ናቸው» ተብሎ ይነገር፤ ሽማግሌ ይስማ። የሚሸጠው ወንዱ ግልገል ይሁን፣ እናቲቱ አትነካ።

ጉልበት ለከዳው ደግሞ የቆየ መንገድ አለን። ፍየሎቹን ለምታምኑት ጎረቤት በርቢ ስጡ። የሚወለደውን ለመካፈል ስትዋዋሉ «በየቀኑ ይህን ያህል ወተት ለልጁ» የሚለውን ከውሉ ውስጥ አስገቡ። መኖ ማጨዱና ጉረኖ መጥረጉ የእነርሱ፣ ወተቱን አፍልቶ ማጠጣቱ የእናንተ ይሆናል። በስድሳ በሰባ ዓመት ዕድሜ ይህ ከሁሉ ይሻል ይሆናል። አያት ታማ ከወደቀች ልጁን የሚይዝ የለምና።

በመጨረሻ አንድ ቃል ርቀው ለሚሠሩ እናቶች። ለፍየል የሚሆን ገንዘብ አንድ ጊዜ መላክ ጥሩ ነው፤ ግን በየወሩ ለዕንቁላል፣ ለፉርሽካና ለሳሙና የምትሆን ትንሽ ገንዘብ ትበልጣለች። ከፍየሎቹም በፊት ሁለት ሦስት የሚጥሉ ዶሮዎች ይገዙ፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ዕንቁላሉም በዚያው ሳምንት ይጀምራል። ስልክ ስትደውሉ «ወፈረልኝ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። አያት ልጅ ከሳ ብላ አትናገርም፤ ሆዳችሁ እንዳይባባ ትደብቃለች። «በዚህ ወር ስንት ኪሎ መዘነ?» በሉ። ቁጥር አይደበቅም። ባለፈው ወር ከነበረበት ካልጨመረ ፍየልም ቢኖር ወተትም ቢኖር በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ በሉ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።